አሮጌ አይፎን ለድምፅ መቅጃ፦ ከቀዩ ቁልፍ እስከ ፍላሹ

ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ አንድ የተረሳ አይፎን 3ጂኤስ ወይም አይፎን 4 አይጠፋም። ቴሌግራም አይጫንበትም። ድረ ገጽ ክፈት ሲሉት ግማሹን አልችልም ይላል። ካሜራውም ዛሬ ማንንም አያስደስት። ድምፅ ግን አሁንም አሳምሮ ይቀዳል። እንዲያውም ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ስልካችሁ ይሻላል ብዬ እከራከራለሁ። ማንም አይደውልበትም፤ መልእክት አይንጫጫበትም። ኪሳችሁ ያለው ስልክ ደግሞ ለታክሲው፣ ለቴሌብሩ፣ ለጥሪው ነፃ ይሆናል።

ስድስት ኪሎ ሌክቸር የምትከታተሉ፣ የአያታችሁን ታሪክ በድምፃቸው ማስቀረት የምትፈልጉ፣ የእድር ቃለ ጉባኤ የምትይዙ፣ መንገድ ላይ ዜማ የሚመጣላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። መቅዳቱ ቀላል ነው፤ አንድ ቀይ ቁልፍ መንካት። ሰው የሚቸገረው ከዚያ በኋላ ነው። ክሊፑ ስም ሳይወጣለት ይከርማል። ከስልኩ ሳይወጣም ይከርማል። አንድ ቀን ስልኩ አልነሳም ይላል፣ በቃ። ስለዚህ ከአቀዳዱ ይልቅ አቀማመጡ ላይ ብረዝም አይግረማችሁ።

ስልኩን ማየት

የመጀመሪያው አይፎን በሰኔ 1999 ዓ.ም. ሲወጣ ድምፅ መቅጃ አልነበረውም። አፕል "ቮይስ ሜሞስ" የሚባለውን መቅጃ ያመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ በሰኔ 2001 ዓ.ም.፣ ከአይፎን ኦኤስ 3.0 ጋር። 3ጂኤስም የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ስልካችሁ 3ጂኤስ፣ 4 ወይም 4ኤስ ከሆነ መቅጃው አብሮት ያለ ነው፤ ምንም መጫን አያስፈልግም።

የሶፍትዌሩን (የአይፎን ኦኤሱን፣ በኋላ አይኦኤስ የተባለውን) ስሪት ማወቅ ግን ይጠቅማል። "ሴቲንግስ"፣ ከዚያ "ጄነራል"፣ ከዚያ "አባውት" ውስጥ ተጽፏል። 3ጂኤስ እስከ 6.1.6 ድረስ ይሄዳል፣ አይፎን 4 ደግሞ እስከ 7.1.2። እስከ 6 ባሉት ላይ መቅጃውን ስትከፍቱ የድሮ ሬዲዮ ጣቢያ የሚመስል ትልቅ የማይክ ሥዕል ይመጣል፤ ከሥሩ መርፌ ያለው መለኪያ አለ። 7 ላይ ማይኩ ቀርቶ የድምፅ ሞገድ መስመር ተተክቷል። እኔ በብዛት የማወራው ስለ ባለማይኩ ነው። ስለ 7 ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት የስልኩን ጎን በደንብ እዩት። ስክሪኑ ከጠርዙ ተነስቷል ወይስ ጀርባው ተነፍቷል? ከሆነ ባትሪው አብጧልና ቻርጀር ላይ አትሰኩት። መጀመሪያ ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ባትሪው ይቀየር። ሌላው ደግሞ፣ "ላጽዳው" ብላችሁ ሪሴት አታድርጉት። ሪሴት የሆነ አሮጌ አይፎን እንደገና አክቲቬት ካልተደረገ አልከፈትም ይላል፤ ሲም ወይም የመጀመሪያውን ባለቤት አካውንት የሚጠይቅበት ጊዜም አለ። የሚሠራ ስልክ እንዳለ ይቅር።

ኬብሉ ያው ሰፊው፣ ጠፍጣፋው፣ የድሮው ነው። አዲስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ብትጠይቋቸው ይስቁባችሁ ይሆናል። መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ ያገለገሉ ዕቃዎች መሃል መፈለግ ያዋጣል። ስትገዙ ስልኩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቻርጅ ማድረጉን እዚያው አረጋግጡ። ቻርጅ የሚያደርግ ግን ከኮምፒውተር ጋር የማይግባባ ኬብልም ስላለ፣ ሻጩ ላፕቶፕ ካለው ሰክቶ ያሳያችሁ።

አንዴ የሚደረግ ዝግጅት

1. ሲሙን አውጡ ወይም ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ቅጂው መሃል ጥሪ ከገባ መቅዳቱ ይቆማል።

2. ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክሉ። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ያለቀበት ስልክ ሲነሳ ሰዓቱ የትናየት ሄዶ ሊሆን ይችላል። መቅጃው ደግሞ ክሊፖቹን በቀንና በሰዓት ነው የሚደረድረው። ሰዓቱ የፈረንጅ መሆኑንም አትርሱ፤ 2፡15 ፒኤም ቢላችሁ በእኛ ከሰዓት 8፡15 ማለት ነው።

3. ባዶ ቦታ እዩ። በግምት አንድ ደቂቃ ድምፅ ግማሽ ሜጋባይት ይወስዳል፣ አንድ ሰዓት ደግሞ 30 ሜጋባይት ገደማ። 8 ጊጋባይት ባለው ስልክ ላይ 5 ጊጋ ባዶ ካለ ከ150 ሰዓት በላይ ይይዝላችኋል። ስለ ቦታ ብዙ አትጨነቁ። የሚያልቀው ባትሪው ነው።

4. ማይኩን ፈልጉ። ከታች፣ በቻርጀሩ መሰኪያ ግራና ቀኝ፣ ሁለት የወንፊት ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው ማይክ ነው፣ ሌላኛው ድምፅ ማውጫ። መቅዳት ጀምሩና ሁለቱንም በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉ። መርፌው የዘለለበት ማይኩ ነው። ከዓመታት ኪስ ውስጥ ኑሮ በኋላ ቀዳዳው በአቧራ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አራግፉት። መርፌና ስፒል አታስገቡበት።

የስልኩ ልባስም ማይኩን ይሸፍናል። አውልቃችሁ ቅዱ።

የት ተቀምጦ መቅዳት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም መሃል አዲስ አበባ ላይ ቅጂ የሚያበላሸው ስልኩ ሳይሆን ከተማው ነው።

ጆሯችን የለመደውን ጩኸት ያጠፋልናል። ማይክ አያጠፋም። ፒያሳ ላይ ካፌ ውስጥ ተቀምጣችሁ ከሰው ጋር ስታወሩ ጭውውቱ ጥርት ብሎ ይሰማችኋል። ቤት ገብታችሁ ስትሰሙት ግን የምታገኙት የማኪያቶ ማሽን እንፋሎት፣ የሲኒ ኳኳታ፣ ከደጅ "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" የሚል ረዳት ነው። ካፌ የግድ ከሆነ ከማሽኑ ሩቅ፣ ከበሩ ሩቅ፣ ግድግዳ ያዝ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ከምሳ በፊት ባለው ረፋድ ካፌዎች ቀለል ይላሉ። ቲቪ ያለበት ቤት ውስጥ አስተናጋጁን ቀንስልን ማለት አያሳፍርም። ሙዚቃ ከበስተኋላ ካለ ቃል ለመለየት ትቸገራላችሁ፤ ክሊፑን ለሕዝብ ለማቅረብ ካሰባችሁ ደግሞ የሰው ሙዚቃ ይዛችሁ መውጣታችሁ ነው።

ስታዲየምና መስቀል አደባባይ አካባቢ ባቡሩ ከላይ ያልፋል። አራት ኪሎ መኪናው ፋታ አይሰጥም። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ የመስጊድ አዛን፣ የግንባታ ቦታ መዶሻ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄነሬተር፤ ሁሉም የየራሱ ሰዓት አለው። የሰፈራችሁን ሰዓት እናንተ ታውቃላችሁ። ቅጂውን በዚያ መሃል ባለው ክፍተት ቅጠሩት።

ጥሩ ቦታ የትኛው ነው? መጋረጃ፣ ምንጣፍና ሶፋ ያለበት ተራ ሳሎን። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ የሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው አዲስ ኮንዶሚኒየም በጣም ያስተጋባል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ሞተሩ የጠፋ፣ መስኮቱ የተዘጋ፣ ጥግ የቆመ መኪና። ወንበሩ ጨርቅ ነው፣ የበሩ ጎማ የደጁን ድምፅ ይዘጋል። መኪና ያለው ጓደኛ ካላችሁ ቃለ መጠይቁን እዚያ ውስጥ ሥሩት።

ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ቤት ውስጥ ቅጂ አትቅጠሩ። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር እንኳን ስልኩ እናንተም እርስ በእርስ አትደማመጡም። ጠዋት ይሻላል።

አያት ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ቡና መፈላቱ አይቀርም። ቡናው ሲቆላና ሲወቀጥ አትቅዱ። አቦሉ ተጠጥቶ ሰዉ ሲረጋጋ፣ ቶናው ላይ ጀምሩ። ያን ጊዜ ወሬውም ይሞቃል። ሲኒው ግን ከስልኩ ራቅ ይበል።

ስልኩን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። ሰው ጠረጴዛውን በጣቱ ቢነካው በቅጂው ላይ ነጎድጓድ ይሆናል። ጋቢ ወይም ሻርፕ አጥፋችሁ ከሥሩ አድርጉ። ማይኩ ያለበት የታችኛው ጫፍ ወደ ተናጋሪው ይዙር። ርቀቱ ከአፍ ሁለት ስንዝር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ሲቀርብ "ፐ" እና "ጰ" ላይ ትንፋሹ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ስልኩን ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት።

አዲሱን ስልካችሁን ከመቅጃው አጠገብ አታስቀምጡ። ሲደወል ወይም ኔትወርክ ሲፈልግ ያ "ትትት ትርርር" የሚል ድምፅ፣ ድሮ ሬዲዮ ላይ የምናውቀው፣ ቅጂ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሌላ ወንበር ላይ ይቀመጥ።

መቅዳት

ሰውየውን አስፈቅዱ። ይሉኝታ ይዟችሁ ስልኩን ደብቃችሁ አትቅዱ። "እማማ፣ ድምፅዎን ልቅዳ? ለልጆቹ እንዲቀር ነው" ቢባሉ እምቢ የሚሉ ብዙ አይደሉም። የእድር ስብሰባ ከሆነ ሰብሳቢው ለአባላቱ ይንገር። ፈቃዱንም ክሊፑ መግቢያ ላይ በድምፅ ብታስቀሩት ጥሩ ነው።

ከዚያ እንዲህ ነው።

1. "ቮይስ ሜሞስ" የሚለውን ክፈቱ። ዋናው ስክሪን ላይ ካጣችሁት "ዩቲሊቲስ" የሚል ፎልደር ውስጥ ፈልጉት።

2. በስልኩ ጎን ያለውን የድምፅ መዝጊያ ማብሪያ ማጥፊያ ዝቅ አድርጉ። አለዚያ ስትጀምሩም ስትጨርሱም ደወል ነገር ይሰማል፤ ተናጋሪውን ያስደነግጣል።

3. የልምምድ ቅጂ አድርጉ። በግራ ያለውን ቀይ ክብ ንኩ፣ ተናጋሪው ስለ ዛሬው አየር ሁኔታ ትንሽ ያውራ፣ እናንተ መርፌውን እዩ። ድምፁ ከፍ ሲል መርፌው ከ-3 እስከ 0 ባለው መካከል ቢደርስ ምርጥ ነው፤ ይህ የአፕል የራሱ ምክር ነው። ከ0 እያለፈ ቀዩ ውስጥ የሚውል ከሆነ ስልኩን አርቁት። ግራ ላይ ተኝቶ ከቀረ አቅርቡት። ድምፅ መጨመሪያ ቁልፉ እዚህ አይሠራም፤ ያላችሁ መሣሪያ ርቀት ብቻ ነው።

4. አሁን ዋናውን ጀምሩ። ቀዩን ንኩ። ቀዩ ወደ ማቆያ ምልክት ይቀየራል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ መጨረሻ የሚሆነው ካሬ ይመጣል። ከላይ ቀይ መስመር ላይ ደቂቃው ይቆጥራል።

5. ጥያቄ ከመጠየቃችሁ በፊት በራሳችሁ ድምፅ መለያ ተናገሩ፦ "ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጉለሌ፣ ከአያቴ ጋር፣ ስለ ሠርጋቸው።" ይህን አትዝለሉ። ለምን እንደሆነ ስም አወጣጥ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

6. ሰው ስልክ ሊያነሳ ሲወጣ ወይም ምግብ ሲመጣ ማቆያውን ንኩ፤ ሲመለስ ደግማችሁ ቀዩን። እንዲህ ሲሆን ሁሉም አንድ ክሊፕ ሆኖ ይቀጥላል። ካሬውን ከነካችሁ ግን ተዘግቷል፤ ቀጣዩ አዲስ ክሊፕ ነው።

7. ስክሪኑን ከላይ ባለው ቁልፍ ብታጠፉትም መቅዳቱን አይተውም። ባትሪ ለመቆጠብ ይህን አድርጉ። የ"ሆም" ቁልፉን ተጭናችሁ ሌላ ነገር ብትከፍቱም ይቀጥላል፤ ቀዩ መስመር ከላይ ይታያል፣ እሱን ስትነኩ ወደ መቅጃው ይመልሳችኋል።

ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሌክቸር ከሆነ በአንድ ትንፋሽ አትቅዱት። ዕረፍት ላይ ካሬውን ነክታችሁ ዝጉና አዲስ ጀምሩ። ስልኩ መሃል ላይ ቢዘጋ የምታጡት ግማሹን ብቻ ይሆናል፤ በኋላ ፈልጎ ለመስማትም አጭር ክሊፕ ይቀላል። ቻርጀር ላይ ሰክቶ መቅዳት ይቻላል፤ ነገር ግን ርካሽ ቻርጀር "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ ስለሚጨምር መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ በኢርፎን ስሙት።

አይኦኤስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ፦ መርፌ የለም፤ የምታዩት ሞገዱን ነው። ሞገዱ የስክሪኑን ላይና ታች የሚነካ ከሆነ ድምፁ በዝቷል። ቀዩን ነክታችሁ ስታቆሙ ገና አልተቀመጠም። "ደን" የሚለውን ስትነኩ ስም ይጠይቃችኋል፤ ጻፉለትና ያኔ ይቀመጣል።

ስም መስጠት

ከቀኝ በታች ያለውን የዝርዝር ምልክት ንኩ። ክሊፖቹ አዲሱ ከላይ ሆኖ ተደርድረዋል። እስክትሰይሟቸው ድረስ የሚጠሩት በሰዓታቸው ነው። አንዱን ስትነኩ ይጫወታል። ድምፁ በቀጭኑ ከጆሮው በኩል ብቻ ከወጣ ከላይ "ስፒከር" የሚለውን ንኩ።

ከክሊፑ በስተቀኝ ያለችው ሰማያዊ ቀስት ወደ ዝርዝሩ ታስገባለች። እዚያ ስሙን ስትነኩ ዝግጁ የሆኑ መለያዎች ይመጣሉ፦ ፖድካስት፣ ኢንተርቪው፣ ሌክቸር፣ አይዲያ፣ ሚቲንግ፣ ሜሞ። እነዚህን ተዉአቸው። አሥር ክሊፕ ሁሉ "ሌክቸር" ከተባለ ምኑን ተለየ? መጨረሻ ላይ ያለውን "ከስተም" ምረጡና የራሳችሁን ጻፉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ስልኮች ላይ አብሮ የመጣ የአማርኛ ኪቦርድ የለም። አማርኛን በላቲን ፊደል ስትጽፉት ደግሞ ዛሬ አንድ ዓይነት፣ ነገ ሌላ ዓይነት ትጽፉታላችሁ፣ ከወር በኋላ አትለዩትም። የእኔ ምክር ቁጥር ነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ተራ ቁጥር፦ 2017-09-04-1። በእኛው አቆጣጠር። ዓመቱ ከፊት ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ ስትገለብጧቸው በራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ጳጉሜን 13 ናት።

ስለ ይዘቱ ደግሞ በድምፅ የተናገራችሁት መለያ አለ። ክሊፑን ከፍታችሁ አምስት ሰከንድ ብትሰሙ ማን፣ የት፣ ስለ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ስሙ ቢጠፋ፣ ፋይሉ ከስልክ ስልክ ቢዞር፣ መለያው ከድምፁ አይነጠልም። ከፈለጋችሁ አንድ ተራ ደብተር ላይ ቁጥሩን ከርዕሱ ጋር ጻፉ።

ስም የሚሰጠው ከቦታው ሳትነሱ ነው። ታክሲ ተራ ላይ ሰልፍ እየጠበቃችሁም ይሆናል። "ቤት ስገባ" ከተባለ አይሰጥም።

መቁረጥ

ሰማያዊዋ ቀስት ውስጥ "ትሪም ሜሞ" የሚል አለ። ቢጫ ፍሬም ይመጣል፤ የግራና የቀኝ ጫፉን በጣት ጎትታችሁ የሚቀረውን ክፍል ትመርጣላችሁ፣ ሰምታችሁ ታረጋግጣላችሁ፣ ከዚያ ትቆርጣላችሁ። የሚቆርጠው ከፊትና ከኋላ ነው፤ መሃል ማውጣት አይችልም። የተቆረጠው ደግሞ አይመለስም። አይኦኤስ 7 ላይ ዋናውን ሳይነኩ እንደ አዲስ ክሊፕ ማስቀመጥ ይቻላል። በድሮዎቹ ግን ኮምፒውተር ላይ ሳትገለብጡ መቀስ አታንሱ። መግቢያ ላይ ያለውን መለያ ደግሞ እንዳትቆርጡት።

ከስልኩ ማውጣት

"ሼር" የሚል ቁልፍ አለ፤ በኢሜይል ወይም በኤምኤምኤስ ልላክ ይላል። ዛሬ ብዙ የኢሜይል አገልግሎቶች ከእንዲህ ያለ የድሮ ስልክ መግባት አይፈቅዱም፤ ረጅም ክሊፕም አይሄድም። ስለዚህ መንገዱ ኬብልና አይቱንስ የሚባለው የአፕል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

የራሳችሁ ኮምፒውተር ይሁን። ይህን አጥብቄ የምናገረው ኢንተርኔት ቤት ወይም ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ ሲንክ ካደረጋችሁ (ስልኩንና ኮምፒውተሩን ካመሳሰላችሁ)፣ አይቱንስ በስልኩ ላይ ያለውን ሙዚቃ አጥፍቼ በዚህኛው ልተካ ስለሚል ነው። ሰው ቸኩሎ እሺ ይላል።

1. ዊንዶውስ ላይ አይቱንስን ጫኑ፣ ስልኩን ሰኩ።

2. ስልኩን ምረጡና "ሚዩዚክ" ወደሚለው ሂዱ። "ሲንክ ሚዩዚክ" ላይ ምልክት አድርጉ፣ ቀጥሎ "ኢንክሉድ ቮይስ ሜሞስ" ላይም። ብዙዎች "አልመጣልኝም" የሚሉት ይህችን ሁለተኛዋን ስለሚዘሏት ነው።

3. "አፕላይ" በሉ። ሲያልቅ አይቱንስ ውስጥ "ቮይስ ሜሞስ" የሚል ዝርዝር ይፈጠራል።

4. ክሊፑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ያለበትን ፎልደር ክፈቱ። ፋይሎቹ መጨረሻቸው ኤም4ኤ ነው። ከዚያ ኮፒ አድርጋችሁ አይቱንስ የማያውቀው የራሳችሁ ፎልደር ውስጥ ጨምሩ። እዚህ በአማርኛ መሰየም ትችላላችሁ፦ "2017-09-04-1 አያቴ ስለ ሠርጋቸው"።

አራተኛዋ ተራ አትዘለል፤ ምክንያት አላት። ክሊፑን ከስልኩ ላይ ብታጠፉት አይቱንስ ላይ ያለው አይጠፋም። ከአይቱንስ ላይ ብታጠፉት ግን በሚቀጥለው ሲንክ ከስልኩም ይጠፋል። ማለትም አይቱንስን "ላጽዳ" ያለ ሰው ሁለቱንም ቦታ ሊያጸዳ ነው። የራሳችሁ ፎልደር ውስጥ ያለው ኮፒ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው።

ኮምፒውተሩ ስልኩን አላውቀውም ካለ፣ ኬብል ቀይሩ። አሁንም እምቢ ካለ አዝጋሚው መንገድ አለ። ሁለቱም ጫፉ የኢርፎን ሶኬት የሆነ ገመድ ግዙ፤ አንዱን ስልኩ ላይ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ላይ ሰኩ፤ ኦዳሲቲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ ስልኩ ሲያጫውት ኮምፒውተሩ ይቅዳ። የስልኩን ድምፅ ከመሃል አታስበልጡ። የአንድ ሰዓት ክሊፕ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ቡና አፍሉ። የአንዱን ስልክ ድምፅ ማውጫ ለሌላው ስልክ ማይክ አስጠግቶ መቅዳት ግን ይቅር፤ የሚወጣው ድምፅ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።

መሃል ላይ ያለ ሳል ወይም የበር ድምፅ ማውጣትም በኦዳሲቲ ይሆናል። ኤም4ኤ ፋይል አልከፍትም ካላችሁ "ኤፍኤፍኤምፔግ" የሚባል ተጨማሪ መጫን አለበት። ለመስማት ብቻ ከሆነ ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ይበቃል።

ማስቀመጥ

ከስልኩ ላይ የምታጠፉት ሌላ ሁለት ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ነው። አንዱ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ይሁን፣ ሌላው ኢንተርኔት ላይ። ለብዙዎቻችን ቀላሉ ቴሌግራም ነው፤ "ሴቭድ ሜሴጅስ" ውስጥ ከላፕቶፑ እንደ ፋይል ላኩት። የአንድ ሰዓቱ ክሊፕ 30 ሜጋባይት ስለሆነ ዳታችሁን አይጨርስም። የቤተሰብ ግሩፕ ካላችሁ የአያትን ክሊፕ እዚያም ጣሉት፤ ውጭ አገር ያሉት ዘመዶች ያወርዱታል፣ ሳይታወቃችሁ የኮፒው ቁጥር ይበዛል። የግል ጉዳይ የተነሳበትን ክሊፕ ግን መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ።

ፍላሹን ስትገዙ መጠኑን አታምኑ። 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠ ግን የሌለው ሞልቷል። ክሊፖቹን ከጫናችሁ በኋላ ፍላሹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩና የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ክሊፖች ከፍታችሁ ስሙ። ከተጫወቱ ስልኩን ማጽዳት ትችላላችሁ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ክሊፑን ንኩና "ዲሊት" በሉ።

ስልኩን ለወራት የማትጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጋችሁ አጥፍታችሁ አስቀምጡት፤ በየሁለት ሦስት ወሩ እያወጣችሁ ሙሉለት። ባዶውን የከረመ ባትሪ ላይነሳ ይችላል። ኬብሉንም አብራችሁ ጠቅልሉት፤ የዚያ ዓይነቱን ዳግመኛ ማግኘት ቀላል አይደለም።